ጌሙ ውስጥ የሞተው ታሃርቃና የፎገራ ክረምት

ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። ወንበሩን ሁሉ የሚይዘው የኳስ ጌም ነው። አልፎ አልፎ ግን ጥግ ላይ አንዱ ብቻውን ተቀምጦ፣ ማንም ሳይጮህለት፣ ፒራሚድ ሲወጣ ይታያል። የሚጫወተው «አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጂንስ» ሳይሆን አይቀርም። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ በሞንትሪያል ስቱዲዮው ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ጌም ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ49 ዓ.ዓ.፣ ክሊዮፓትራና ወንድሟ ቶለሚ 13ኛ በዙፋን በሚጣሉበት ጊዜ ግብፅ ውስጥ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ባየክ ይባላል፤ ልጁን ያሳጡትን ሰዎች አንድ በአንድ እያደነ አገሩን ያስሳል።

ስለ ባየክ ብዙ ተብሏል። ዛሬ የምናወራው ግን ብዙ ተጫዋች ስሙን እንኳ ስለማያስታውሰው አንድ ሰው ነው። (ጌሙን ገና ያልጨረሳችሁ ይቅርታ፤ የሚቀጥለው አንቀጽ ነገር ያበላሽባችኋል።)

ባየክ ሌቶፖሊስ የምትባል፣ አሸዋ ግማሽ የዋጣት ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ በእውነትም ነበረች፤ ቦታዋ ዛሬ ከጊዛ ብዙም የማይርቀው አውሲም ነው። እዚያ አንድ ደግ የሚመስል ሰው ያገኛል። ቤተሰብ አለው፣ ከተማዋን ከአሸዋ አውጥቼ እንደገና እሠራለሁ ይላል፣ ባየክንም ቤቱ ጠርቶ ያበላዋል። በኋላ ግን ሰውዬው ራሱ ባየክ ሲፈልገው የከረመው «ስካረብ» የሚባለው ጠላት ሆኖ ይገኛል። ስካረብ ማለት ያቺ እበት እያንከባለለች የምትሄደው ጢንዚዛ ናት፤ ከብት በበዛበት በፎገራ ሜዳ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃታል። ሰውዬው ባየክን እስከ አንገቱ አሸዋ ውስጥ ይቀብረዋል። ባየክ ያመልጣል፣ ተመልሶ ይገድለዋል፣ ጌሙም ወደሚቀጥለው ጠላት ያልፋል። በቃ።

የዚህ ሰው ስም ታሃርቃ ነው።

ስሙ ግን ባለቤት አለው። ለዚያውም ተራ ባለቤት አይደለም፤ ባየክ ከመወለዱ ከ600 ዓመት በፊት ግብፅን የገዛ ፈርዖን ነው። ያ ፈርዖን ደግሞ ስለ አንድ ክረምት ድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ጽሑፍ አለ፤ ጽሑፉን እየተከተልን ሽቅብ ከሄድን ወረታ አጠገብ እንደርሳለን። እስቲ እንሂድ።

የትኛው ኢትዮጵያ?

እውነተኛው ታሃርቃ ከ690 እስከ 664 ዓ.ዓ. ነገሠ። አገሩ ኩሽ ነው፤ ዋና ከተማው ናፓታ በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን፣ ጀበል ባርካል ከሚባለው ተራራ ሥር ነበረች። አባቱ ፒዬ ከደቡብ ተነሥቶ ግብፅን ያስገበረ ንጉሥ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ቤተሰብ የግብፅ 25ኛው ሥርወ መንግሥት ይሉታል።

መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ከሆነ ታሃርቃን ሳታውቁት አልቀራችሁም። በመጽሐፈ ነገሥትና በትንቢተ ኢሳይያስ የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ ተብሎ የተጠቀሰው እሱ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። የዕብራይስጡ ቃል «ኩሽ» ነው። ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ «ኢትዮጵያ» ይሉት ስለነበር ተርጓሚዎቹ ያንን ቃል ተጠቀሙ፤ ወደ እኛም በዚያው ገባ። ስለዚህ «ታሃርቃ የእኛ ንጉሥ ነበር» ብሎ ደረት መንፋት ከመረጃው አልፎ መሄድ ነው። በእሱ ዘመን በእኛ ደጋ ላይ የራሱ ታሪክ ነበር፤ የየሐ ቤተ መቅደስ የሚመደበው በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ሁለቱን መቀላቀል አያስፈልግም።

«ታዲያ ምን አገናኘን?» ካላችሁ፣ ዝናብ።

ወደ ዝናቡ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። ዳህሹር አጠገብ ባለ የበረሃ መንገድ ላይ የተገኘ የታሃርቃ ጽሑፍ አለ። ንጉሡ ወታደሮቹን በየቀኑ ሩጫ ያሠለጥናቸው ነበር ይላል። አንድ ሌሊት ከሜምፊስ እስከ ፋዩም ድረስ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አስሮጣቸው፤ ራሱም ከመካከላቸው ገብቶ ሮጠ፤ ቀድመው የገቡትን ሸለማቸው። ከማራቶን የሚረዝም ውድድር ነው። ፋዩም ጌሙ ውስጥ አለች። ሩጫው ግን የለም፤ እኔ ብሆን አሸዋ ውስጥ ሰው ከሚቀብር ታሃርቃ ይልቅ የሚሮጠውን እመርጥ ነበር።

የስድስተኛው ዓመት ውኃ

ካዋ በዛሬዋ ሱዳን፣ ዶንጎላ አካባቢ ያለች የፍርስራሽ ቦታ ናት። ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ቆፋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የታሃርቃን ቤተ መቅደስ ሲያወጡ፣ ከውስጡ ድንጋይ ላይ የተቀረጹ የንጉሡ ጽሑፎች አገኙ። ከእነዚህ አንዱ የሚያወራው ስለ ንግሥናው ስድስተኛ ዓመት ነው፤ በእኛ ስሌት 685 ዓ.ዓ. አካባቢ መሆኑ ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። በዚያ ዓመት ዓባይ ማንም አይቶት በማያውቀው መጠን ሞላ። ንጉሡ የጥንት መዝገቦችን አስመጥቶ አስፈተሸ፤ በአባቶች ዘመን እንዲህ ያለ ሙላት ተጽፎ አልተገኘም። ውኃው በቴብስ ወደብ (የዛሬዋ ሉክሶር) ከ21 ክንድ በላይ ደረሰ። አይጥና እባቡን ጨረሰ፣ አንበጣውንም ከለከለ፣ ምርቱም እጅግ በዛ። በዚያው ዓመት የንጉሡ እናት አባር ከኩሽ ድረስ መጥታ ልጇን በዙፋኑ ላይ አየችው። ከቤት ሲወጣ የ20 ዓመት ወጣት ነበር።

21 ክንድ ስትሰሙ «ማሳው ላይ 11 ሜትር ውኃ ቆመ ማለት ነው?» እንዳትሉ። የግብፅ ክንድ 52 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ሒሳቡ ወደ 11 ሜትር መምጣቱ ልክ ነው፤ ግን የሚቆጠረው ወንዙ ዳር ካለ የመነሻ ምልክት ነው እንጂ ከማሳው አፈር አይደለም። ግብፆች ይህን ልክ በጣም ይከታተሉት ነበር። በካርናክ ቤተ መቅደስ የጀልባ መድረሻ ግድግዳ ላይ ከ40 በላይ የውኃ ልክ ምልክቶች ተቀርጸዋል፤ ከየምልክቱ አጠገብ የንጉሡ ስምና ዓመቱ አለ። የታሃርቃ ስድስተኛ ዓመትም እዚያ አለ። ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር ማመሳከር ይቻላል ማለት ነው፤ ንጉሥ ሲፎክር ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ምስክር አይገኝም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጽሑፉ ስለ ሙላቱ ምክንያት የሚናገረው ነው። በተለመደው የግብፅ እምነት ዓባይን የሚያስሞላው ሐፒ የተባለው አምላክ ነው፤ ውኃው የሚወጣውም አስዋን አጠገብ ካሉ የምድር ውስጥ ዋሻዎች ነው ይባል ነበር። የታሃርቃ ጸሐፊ አምላኩን አልተወም፤ አሞን የሰጠው ተአምር ነው ይላል። ግን አንድ ነገር ጨመረበት፦ በኑቢያ ምድር ሰማዩ ዘነበ፣ ተራሮቹም ሁሉ አብረቀረቁ። ደቡብ ውስጥ ዝናብ ስለጣለ ወንዙ ሞላ ማለቱ ነው። ለምን ይህን አሰበ? ንጉሡ የደቡብ ሰው ስለሆነ ይመስለኛል። ከአስዋን በታች የኖረ ሰው የሚያየው የሚመጣውን ውኃ ብቻ ነው፤ የኩሽ ሰው ግን ደመናውንም ያያል።

ሆኖም ጸሐፊው ያየው ዝናብ ብቻውን ያንን ሁሉ ውኃ አያመጣም። ዶንጎላ አካባቢ በረሃ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ጠብታ ሳይጥል ሊያልፍ ይችላል። ክረምት ሲገባ የዝናቡ መቀነት ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ አየር ከኢትዮጵያ ደጋ ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ያ መቀነት ከልኩ አልፎ ወደ ሰሜን የተገፋበት ዓመት ምናልባት በረሃውንም ይነካል። የኩሽ ተራሮች ካብረቀረቁ፣ የእኛ ተራሮች በዚያ ዓመት ምን ያህል እንደወረደባቸው መገመት ነው። በአማካይ በዓመት አስዋን ከሚደርሰው ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄድ ነው፤ በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል።

ባየክ በሚኖርበት ዘመን ይህ ነገር ለእስክንድርያ ምሁራን እንግዳ አልነበረም። ጌሙ ውስጥ የምትገቡበት ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴንስ፣ የምድርን ዙሪያ የለካው ሰውዬ፣ ከክሊዮፓትራ 200 ዓመት ያህል ቀድሞ የሙላቱ ምክንያት በላይኛው አገር የሚጥለው ዝናብ ነው ብሎ ነበር። ሉካን የተባለው ሮማዊ ባለቅኔም ዩልየስ ቄሳርን ክሊዮፓትራ ግብዣ ላይ አስቀምጦ ስለ ዓባይ ምንጭ ሲያስጠይቀው እናያለን። ሁሉም የሚያወሩት ስለ እኛ ክረምት ነው። የጌሙ ካርታ ግን ወደ ደቡብ እዚህ ድረስ አይመጣም።

ወደ ወረታ

ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ ወረታ ትደርሳላችሁ። ከመድረሳችሁ በፊት የጉማራን ድልድይ ትሻገራላችሁ፤ ከወረታ አልፋችሁ ወደ አዲስ ዘመን ስትቀጥሉ ደግሞ ርብ አለ። ሁለቱም የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው፤ ጉና ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ እየተንደረደሩ ይወርዱና ድንገት እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ ላይ ይወድቃሉ። ፎገራ ማለት ይህ ነው። ሜዳው ሲያገኛቸው ፍጥነታቸው ይሞታል፣ የተሸከሙትን አፈር ያራግፋሉ፣ የራሳቸውን ወለል ከፍ ያደርጋሉ፣ ከዚያም ዳርቻቸውን አልፈው ይተኛሉ። በዚያ ላይ ጣና ሲሞላ ከፊት ይገፋቸዋል።

አሁን እናንተ የምትጠብቁትን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ፦ «ግብፅን ያበላው የፎገራ አፈር ነው!» ደስ የሚል ዓረፍተ ነገር ነው፤ በአብዛኛው ግን እውነት አይደለም። የርብና የጉማራ ውኃ በቀጥታ ወደ ግብፅ አይሄድም፤ መጀመሪያ ጣና ይገባል። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ያህል ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። የገባበትን ውኃ ያዘገየዋል፤ አፈሩን ደግሞ አብዛኛውን እዚያው ያስቀረዋል። ከጣና የሚወጣው ውኃ ዓባይ የሱዳን ድንበር ሲደርስ ከሚይዘው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። የቀረው ከሐይቁ በታች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከወለጋ የሚገቡት ወንዞች ናቸው፤ እነ በሽሎ፣ እነ ጀማ፣ እነ ዴዴሳ። ግብፆች አገራቸውን «ጥቁሯ ምድር» ያሉበት ደለል ከእነሱና ከተከዜ የሄደ ነው።

ታዲያ ፎገራ ምን ቀረለት? ፎገራ የራሱን አፈር ለራሱ አስቀረ። ለእኔ ይህ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የበለጠ ያስደስታል፤ ምክንያቱም የጥንቷ ግብፅ ገበሬ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ወደ ግብፅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ግብፅ ውስጥ የአስዋን ትልቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ዓባይ ማሳ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ያ ኑሮ እዚያ አብቅቷል። ፎገራ ላይ ግን በየክረምቱ ይደገማል።

ግብፆች ዓመቱን በሦስት ይከፍሉት ነበር፦ ሙላት፣ ውኃው ሸሽቶ ማሳው የሚወጣበትና የሚዘራበት፣ መከር። አሁን የጣና ዳር ገበሬ የሚለውን ስሙ። ሐይቁ ሲጎድል የሚገለጠውን መሬት «ባሕር ሸሽ» ይለዋል። በዚያ እርጥበት ላይ ዝናብ ሳይጠብቅ ይዘራል። ከሐይቁ ራቅ ባለው ሜዳም እንዲሁ ነው፤ ውኃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ በቀረው እርጥበት ይበቅላል። የታሃርቃ ገበሬ ስንዴና ገብስ የዘራው በዚሁ ዘዴ ነው።

አንድ የሚለየን ነገር ሩዝ ነው። ውኃ ስለሚተኛበት ለግጦሽ ብቻ ይተው የነበረው የሜዳው ክፍል ሩዝ ያወቀው በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ባገዙት ሙከራ ነው። ጅግናና ሻጋ ላይ ተጀመረ፤ እስካሁን ገበሬው በብዛት የሚዘራው «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ዝርያም ስሙን ከዚያ ወሰደ። ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ ያለው ወረታ ነው፤ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል። እንቅፋት የነበረውን ውኃ ወደ ሲሳይ መለወጥ ማለት ይህ ነው፤ ታሃርቃ ቢያየው ድንጋይ ያስቀርጽበት ነበር።

ሙላትና ጎርፍ

በአማርኛ ሁለት ቃል አለን፤ ሙላትና ጎርፍ። ወንዙ ሞላ ስንል ገና ምንም አልተበላሸም። ጎርፍ መጣ ስንል ግን ሰው ይነሣል። የካዋው ድንጋይ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከአባቶች መዝገብ ሁሉ የበለጠ ውኃ በጭቃ ጡብ በተሠሩ መንደሮች መካከል ሲያልፍ አይጥና እባብ ብቻ ይዞ ሄደ ብሎ ማመን ይከብደኛል። ጸሐፊው የንጉሥ ጸሐፊ ነው፤ የማን ቤት እንደፈረሰ አልጻፈም።

ፎገራ ይህን ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ርብና ጉማራ ወጥተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን አጥለቀለቁ። ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ፣ ሰብልና ከብት ሄደ። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ወላጆች ናቸው፤ ጠይቋቸው፣ ማታ ላይ የሰሙትን ድምፅ ይነግሯችኋል። ከዚያ ወዲህ ላይኛው ርብ ላይ ከ200 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሚይዝ ግድብ ተሠርቷል፤ ሜዳው ግን ሜዳ ነው፣ ጉማራም አለ።

የታሃርቃ መጨረሻም አላማረም። በ671 ዓ.ዓ. የአሦር ንጉሥ አስራዶን ሜምፊስን ያዘ፤ ታሃርቃ ወደ ደቡብ ሸሸ፣ ተመልሶ ተዋጋ፣ እንደገና ተገፋ፣ በ664 ሞተ። የተቀበረው ኑሪ በሚባል ቦታ፣ ራሱ ባስጀመረው የፒራሚድ መቃብር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ሲቆፈር ከ1,000 በላይ ትንንሽ የድንጋይ ምስሎች አብረውት ተገኙ፤ በወዲያኛው ዓለም እርሻ እንዲያርሱለትና ውኃ እንዲቀዱለት የተሠሩ ሠራተኞች ናቸው። ዛሬ የኑሪ መቃብሮች ወለል ውኃ ገብቶበታል፤ የወንዙ ውኃ ከምድር ሥር እየሰረገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አርኪዮሎጂስቶች እዚያው ካሉት ነገሥታት የአንዱን፣ የናስታሰንን መቃብር ያጠኑት ዋናተኛ ሆነው፣ የአየር ቱቦ አፋቸው ውስጥ አድርገው ነው።

ፎገራ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ሥራ አለላችሁ። መስከረም ሲጠባ፣ ውኃው መሸሽ እንደጀመረ፣ ሜዳው ላይ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ ወይም የትምህርት ቤት ግድግዳ ተመልከቱ። ጭቃው የቆመበት መስመር ይታያል። ከመሬት እስከ መስመሩ በሜትር ለኩ፣ ምልክት አድርጉበት፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ግንድ ላይ፣ እዚያው ግድግዳ ላይ። የካርናክ ሰዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የንጉሡን ስም መጻፍ ግን ከእናንተ አይጠበቅም፤ ቤቱ ውኃ የገባበትን ሰው ስም ብትጽፉ ይሻላል።